የመንገዱ ዋጋና የሣጥኑ ቁልፍ፤ በኒው ዮርክ ከተማ ስለ መጨናነቅ ክፍያና ስለ ሕዝብ ማመላለሻ ቁጥጥር የተደረገው ክርክር ታሪክ

መግቢያ

በትልቅ ከተማ መካከል መኪና የሚነዳ ሰው መንገዱ በሚጣበብበት ሰዓት ስለ መንገዱ ዋጋ ሊከፍል ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ከሰባ ዓመት በላይ የኢኮኖሚ ሊቃውንትንና ከንቲባዎችን፣ ባለ መኪናውንና ባቡር ተሳፋሪውን ሲያከራክር ኖሯል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ክርክሩ ከሁሉ ይልቅ ረዝሞና ከርሮ የታየበትን የኒው ዮርክን ከተማ ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ይህን ጥናት ስንጀምር ነገሩ የዋጋና የሂሳብ ጉዳይ ብቻ መስሎን ነበር። ስንት ይከፈል? በየትኛው ሰዓት? ከየትኛው ጎዳና ጀምሮ? የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካገኙ ክርክሩ የሚያልቅ መስሎን ነበር። ታሪኩን በቅደም ተከተል ስናየው ግን ከዋጋው ጥያቄ በስተ ኋላ ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ቆሞ አገኘነው፤ ይኸውም የሚሰበሰበውን ገንዘብ የሚይዘው ማን ነው? ያዡንስ የሚቈጣጠረው ማን ነው? የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጥ፣ በኒው ዮርክ የመጨናነቅ ክፍያ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሲወድቅ የኖረው ሕዝቡ የዋጋውን ጥቅም ባለመረዳቱ ብቻ ሳይሆን የሣጥኑን ጠባቂ ባለማመኑም ነው የሚል ነው።

በአገራችን በጥንቱ የንግድ መንገድ ላይ ነጋዴው ቀረጥ የሚከፍልበት በር ኬላ ይባል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ስለዚህ በድልድይ ወይም በመንገድ ለመተላለፍ የሚከፈለውን «የኬላ ክፍያ» እንለዋለን፤ መንገዱ ሲጣበብ መኪናን ለመቀነስ ተብሎ የሚከፈለውን ደግሞ «የመጨናነቅ ክፍያ» እንለዋለን።

1. ነጻው ድልድይና አምስት ሳንቲሙ

የብሩክሊን ድልድይ በሜይ 24 ቀን 1883 ሲከፈት ያለ ክፍያ የሚሻገርበት ሰው አልነበረም። እግረኛ 1 ሳንቲም፣ ፈረሰኛ 5 ሳንቲም፣ በፈረስ የሚሳብ ጋሪ 10 ሳንቲም ይከፍል ነበር። የእግረኛው ክፍያ በ1891 ቀረ። ከዚያም በኢስት ሪቨር ወንዝ ላይ የዊልያምስበርግ ድልድይ በ1903፣ የኩዊንስቦሮና የማንሃተን ድልድዮች በ1909 ተጨመሩ። በ1911 ግን ከንቲባው ዊልያም ጌይኖር ድልድይ እንደ ማንኛውም አውራ መንገድ ለሕዝብ ነጻ መሆን አለበት በማለት የኬላውን ክፍያ አስቀሩት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የብሩክሊንና የኩዊንስ ሰዎች ወደ ማንሃተን ያለ ክፍያ መግባትን እንደ ርስት መብት ቈጠሩት። በኋላ ይህን መብት የነካ ሁሉ ምን እንደ ገጠመው ወደ ፊት እናያለን።

የምድር ውስጥ ባቡር በኦክቶበር 27 ቀን 1904 ሥራ ሲጀምር ዋጋው 5 ሳንቲም ነበር። ዋሻውን ያሠራው ከተማው ሲሆን ባቡሩን የሚያስኬዱት የግል ኩባንያዎች ነበሩ፤ በ1913 የተደረገው ውልም ዋጋው ከ5 ሳንቲም እንዳይበልጥ አሰረው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዕቃና የሠራተኛ ዋጋ እጅግ ሲወደድ ኩባንያዎቹ ከሠሩ፤ ዳሩ ግን አምስት ሳንቲሟን ለመንካት የሚደፍር ፖለቲከኛ አልተገኘም። ከተማው በ1940 ኩባንያዎቹን ገዝቶ ባቡሩን ራሱ ያዘው። ዋጋው ወደ 10 ሳንቲም ከፍ ያለው በጁላይ 1 ቀን 1948 ነው፤ ይህም ማለት ከ43 ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆየ ማለት ነው። በ1953 ባቡሩን የሚያስተዳድር የኒው ዮርክ ከተማ ማመላለሻ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ዋጋውም 15 ሳንቲም ሆነ።

ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ዋጋዎች በፖለቲካ ተወስነው ቆሙ፤ የመንገዱ ዋጋ ምንም፣ የባቡሩ ዋጋ እጅግ ዝቅተኛ። ሁለቱም ሕዝብን ደስ ያሰኙ ነበር። ዳሩ ግን ሁለቱም ወጪያቸውን የሚሸፍን ገንዘብ ከወዴት እንደሚመጣ አልተናገሩም።

2. ሚስተር ሞዘስና የተቆለፈው ሣጥን

«ባለሥልጣን» የሚለው ቃል ለመሥሪያ ቤት ሲነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአገራችን የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1951 ሲቋቋም በዚሁ ስም ተጠርቷል። በአሜሪካ ግን ይህ ዓይነቱ መሥሪያ ቤት ልዩ ጠባይ ነበረው። ከመንግሥት በጀት ተነጥሎ የራሱን የብድር ሰነድ ማለት ቦንድ ይሸጣል፤ በተበደረው ገንዘብ ድልድይ ይሠራል፤ ዕዳውንም ከኬላው ክፍያ ይከፍላል። ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ድልድዩ ነጻ ይሆናል፤ ባለሥልጣኑም ይፈርሳል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ሚስተር ሮበርት ሞዘስ ይህን አሳብ ለወጡት። በ1933 የተቋቋመውን የትራይቦሮ ድልድይ ባለሥልጣን ይዘው ድልድዩን በጁላይ 11 ቀን 1936 አስከፈቱ፤ የኬላው ክፍያ 25 ሳንቲም ነበር። ገቢው ከታሰበው በላይ ሲሆን ዕዳውን ጨርሰው ባለሥልጣኑን በመዝጋት ፈንታ አዲስ ቦንድ እየሸጡ አዲስ ሥራ ይጀምሩ ነበር። የባለሥልጣኑ ሥልጣን በቦንዱ ውል ውስጥ ስለ ተጻፈ፣ የአሜሪካም ሕገ መንግሥት ክፍለ ግዛቶች የተደረገን ውል በሕግ እንዳያፈርሱ ስለሚከለክል፣ የግዛቱ ምክር ቤት እንኳ ውሉን በቀላሉ ሊነካው አልቻለም። ሚስተር ሞዘስ በሕዝብ ድምፅ ለሥልጣን ተመርጠው አያውቁም፤ በ1934 ለአገረ ገዥነት ተወዳድረውም ተሸንፈዋል። ይሁን እንጂ ከንቲባ ሲመጣ ከንቲባ ሲሄድ እርሳቸው በቦታቸው ቆዩ።

በዚህ ሣጥን ውስጥ ከመኪና የተሰበሰበ ብዙ ገንዘብ ሲከማች፣ ከተማው የያዘው ባቡር ደግሞ በዕዳ ይማቅቅ ነበር። ከሣጥኑ ወደ ባቡሩ የሚወስድ መንገድ ግን አልነበረም። እንግዲህ ቁጥጥር የሌለበት ቅልጥፍና ምን እንደሚያፈራ ኒው ዮርክ በዐይኑ አየ፤ ድልድዩ በጊዜው ተሠርቶ ያልቃል፤ ለማን እንደሚሠራ ግን ማንም አይጠየቅም።

3. የፕሮፌሰር ቪክሪ ሐሳብ

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዊልያም ቪክሪ በ1914 በካናዳ የተወለዱ የኢኮኖሚ ሊቅ ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የከንቲባው ኮሚቴ የባቡሩን ዋጋ እንዲያጠኑ ጠየቃቸው፤ በ1952 የወጣው ጥናታቸውም ለሁሉ አንድ የሆነው ዋጋ ተለውጦ እንደ ሰዓቱና እንደ ቦታው ይለያይ የሚል ነበር። ባቡሩ በጠዋትና በማታ ሲጨናነቅ ዋጋው ከፍ ይበል፤ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ዝቅ ይበል አሉ። ምክራቸው በሥራ ላይ አልዋለም።

በ1959 ለአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ስለ ዋሽንግተን ከተማ ምስክርነት ሲሰጡ ይህንኑ ሐሳብ ወደ መኪና አሻገሩት። በእያንዳንዱ መኪና ላይ መለያ መሣሪያ ይደረግ፤ በተጣበበ መንገድ ሲያልፍ ይመዝገብ፤ ሂሳቡም እንደ ስልክ ሂሳብ በየወሩ ይላክለት የሚል ነበር።

የሐሳቡ መሠረት ቀላል ነው። በተጣበበ መንገድ ላይ አንድ መኪና ሲጨመር የሚዘገየው ነጂው ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይዘገያል። ነጂው የራሱን መዘግየት ይቈጥራል እንጂ በሌላው ላይ ያመጣውን አይቈጥርም። ዋጋ የሌለው ነገር የግድ በሰልፍ ይታደላል፤ የመኪናው ሰልፍም ከዚህ የተለየ አይደለም። በሰልፉ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ደግሞ ለማንም ገቢ ሳይሆን ከንቱ ይቀራል። ገንዘብ ቢከፈልበት ግን ገንዘቡ ለሌላ ጥቅም ሊውል ይችላል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። ለፕሮፌሰር ቪክሪ ዋጋው በመጀመሪያ መንገድን በአግባብ የማከፋፈያ መሣሪያ ነበር። የገንዘብ መሰብሰቢያነቱ ሁለተኛ ነበር። በኒው ዮርክ በመጨረሻ የወጣው ሕግ ግን በመጀመሪያ ገንዘብ ለመሰብሰብ የታሰበ መሆኑን እናያለን። ፕሮፌሰሩ በኦክቶበር 1996 የኖቤል ሽልማት እንደ ተሰጣቸው በተነገረ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ፤ ሐሳባቸው በከተማቸው ሲፈጸም ለማየት አልታደሉም።

4. የሣጥኖቹ መቀላቀልና የቁጥጥሩ መወለድ

አገረ ገዥው ኔልሰን ሮክፌለር በ1965 የሎንግ አይላንድን ባቡር ለመግዛት አንድ አዲስ ባለሥልጣን አቋቋሙ፤ ይህም በማርች 1 ቀን 1968 የሜትሮፖሊታን ትራንስፖርት ባለሥልጣን ተብሎ የከተማውን ባቡርና አውቶቡስ፣ የሚስተር ሞዘስንም ድልድዮች በአንድነት ያዘ። የቦንድ ባለቤቶቹ ወኪል የነበረው የቼዝ ማንሃተን ባንክ ሲሆን የባንኩ መሪ ዴቪድ ሮክፌለር የአገረ ገዥው ወንድም ነበሩ፤ ክርክሩ በስምምነት አለቀ። ሚስተር ሞዘስም ከሥልጣናቸው ወረዱ። ስለዚህ ባለ መኪናው በድልድይ የሚከፍለው ገንዘብ ባቡሩን ይርዳ የሚለው መርሕ በ2025 የተፈጠረ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1968 ጀምሮ የኖረ ነው።

ሆኖም ነጻዎቹ የኢስት ሪቨር ድልድዮች እንደ ነጻ ቀሩ። በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ ከተሞች የመኪናን ጭስ እንዲቀንሱ ስላዘዘ፣ ከንቲባው ጆን ሊንድሲና አገረ ገዥው ሮክፌለር በ1973 በእነዚህ ድልድዮች ላይ ክፍያ እንዲጣል የሚል ዕቅድ ፈረሙ። ተከታዩ ከንቲባ ኤብራሃም ቢም ግን ዕቅዱን ተቃወሙ። ፍርድ ቤት ይፈጸም ብሎ ቢያዝም፣ በ1977 የብሩክሊኗ እንደራሴ ኤልዛቤት ሆልዝማንና የሴኔቱ አባል ዳንኤል ሞይኒሃን ባመጡት ማሻሻያ ክፍያው ቀርቶ በምትኩ የሕዝብ ማመላለሻው ይሻሻል ተባለ። የተስፋው ቃል ግን ገንዘብ አልነበረውም። ከተማው በ1975 ለመክሠር ተቃርቦ ስለ ነበር ባቡሩ እየባሰበት ሄደ፤ ሐዲዱ አረጀ፣ ሠረገላው በጽሕፈት ተሸፈነ፣ ተሳፋሪውም ሸሸ።

ከዚህ ችግር በኋላ ነው ቁጥጥር የሚባለው ነገር በሕግ የተወለደው። በ1979 የባለሥልጣኑ ሊቀ መንበር የሆኑት ሪቻርድ ራቪች ባቡሩን ለማደስ ብዙ ገንዘብ እንዲፈቀድ ሲጠይቁ፣ የግዛቱ ምክር ቤት በ1981 ገንዘቡን ፈቀደ፤ ነገር ግን የሥራውን ዕቅድ የሚመረምር ልዩ ቦርድና የተሳፋሪዎች አማካሪ ኮሚቴም አብሮ አቋቋመ። በ1983 የባለሥልጣኑ ዋና መርማሪ መሥሪያ ቤት ተጨመረ። ይህ ነገር ትልቅ ትምህርት አለው፤ ገንዘቡና ተቈጣጣሪው በአንድ ሕግ መጡ። ባቡሩም በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ታድሶ ተሳፋሪው ተመለሰ።

5. ከውጭ አገር የታየው ምሳሌ

ኒው ዮርክ ሲከራከር ሌሎች ከተሞች ሞከሩት። ሲንጋፖር በጁን 2 ቀን 1975 በወረቀት ፈቃድ ጀመረች፤ ነጂው በቀን 3 የሲንጋፖር ዶላር ከፍሎ ፈቃዱን በመስተዋቱ ላይ ይለጥፋል፤ በጠዋት ወደ መካከለኛው ከተማ የሚገባው መኪና ወደ ግማሽ ለመድረስ ጥቂት እስኪቀረው ቀነሰ። በ1998 በኤሌክትሪክ መሣሪያ ተለወጠ። ለንደን በከንቲባው ኬን ሊቪንግስተን ጊዜ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2003 በ5 ፓውንድ ጀመረች፤ ሕጉም ገቢው ለአሥር ዓመት ለትራንስፖርት ሥራ ብቻ እንዲውል ያዝዝ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የስቶክሆልም ነው። በዚያ ከተማ ክፍያው ከጃንዋሪ 3 እስከ ጁላይ 31 ቀን 2006 ድረስ ለሙከራ ተደረገ፤ ከዚያ ቆመ፤ ሕዝቡም በሴፕቴምበር ድምፅ ሰጠ። ከሙከራው በፊት አብዛኛው ሰው ተቃዋሚ ነበር። መኪናው ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ካየ በኋላ ግን በጠባብ ብልጫ ይቀጥል ብሎ ወሰነ፤ በኦገስት 2007 ቋሚ ሆነ። ሰው ያላየውን ጥቅም በቃል ብቻ አይገዛም፤ አይቶ ሲመዝን ግን ልቡን ሊለውጥ ይችላል።

6. የ2008ቱ ውድቀት

ከንቲባው ማይክል ብሉምበርግ በኤፕሪል 2007 በተነገረው ዕቅዳቸው ወደ ማንሃተን ደቡብ የሚገባ መኪና 8 ዶላር፣ ጭነት መኪና 21 ዶላር እንዲከፍል ሐሳብ አቀረቡ። የፌዴራል መንግሥት ሕጉ ከጸደቀ 354 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ ቃል ገባ። የከተማው ምክር ቤት በማርች 31 ቀን 2008 በ30 ድምፅ በ20 ላይ ደገፈው። የግዛቱ እንደራሴዎች ምክር ቤት ግን በአፈ ጉባዔው ሼልደን ሲልቨር መሪነት በዝግ ስብሰባ ከተወያየ በኋላ፣ በኤፕሪል 7 ቀን ለድምፅ እንኳ ሳያቀርበው ተወው። ማን እንደ ደገፈና ማን እንደ ተቃወመ በመዝገብ አልሰፈረም።

በተቃዋሚዎቹ መካከል የዌስትቼስተሩ እንደራሴ ሪቻርድ ብሮድስኪ ነበሩ። እኚህ ሰው በአንድ በኩል ክፍያው ድኻውን ይበልጥ ይጎዳል ብለው የሚከራከሩ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በ2005ና በ2009 የወጡትን የሕዝብ ባለሥልጣኖች ቁጥጥር ሕጎች ያዘጋጁ ነበሩ። ተቃዋሚን ሁሉ መኪና ወዳድ አድርጎ መቈጠር ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለጥርጣሬው ምክንያት አልጠፋም ነበርና። በ2003 የባቡሩ ዋጋ ከ1.50 ወደ 2 ዶላር ሲወጣ፣ የግዛቱ የሂሳብ ተቈጣጣሪ አለን ሄቬሲ ባለሥልጣኑ ገንዘብ ከዓመት ወደ ዓመት በማዛወር ጉድለቱን አብዝቶ አሳይቷል ብለው ከሰው ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጭማሪውን ቢሽረውም የይግባኙ ፍርድ ቤት ለባለሥልጣኑ ፈረደ። በሕግ ባለሥልጣኑ ረታ፤ በሕዝብ ልብ ውስጥ ግን «ሁለት መዝገብ አላቸው» የሚለው ወሬ ቀረ።

እኛ እንደሚመስለን የ2008ቱ ዕቅድ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ለማመላለሻ ይውላል ተባለ፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ግን ያው የማይታመነው ባለሥልጣን ነበር። በ1981 እንደ ተደረገው ገንዘቡና ተቈጣጣሪው አብረው ሊቀርቡ በተገባ ነበር።

7. የ2019ኙ ሕግ

በ2017 በጋ የባቡሩ መዘግየትና ከሐዲድ መውጣት ስለ በዛ አገረ ገዥው አንድሩ ኩኦሞ በጁን 29 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጁ። በዚሁ ዓመት የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ያደረገው ምርመራ ሁለት ነገሮችን ለሕዝብ አሳየ። አንደኛው፣ ባለሥልጣኑ በግዛቱ መንግሥት ግፊት ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ገንዘብ በረዶ አጥተው ለተቸገሩ የበረዶ መንሸራተቻ ሥፍራዎች መስጠቱ ነው። ሁለተኛው የግንባታው ውድነት ነው፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 2017 የተከፈተው የሁለተኛው ጎዳና የባቡር መሥመር ሦስት አዲስ ጣቢያዎች ብቻ ያሉትና ከሦስት ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን ወደ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል። በአገራችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የኒው ዮርክ ሰው ተረቱን ባያውቀውም ነገሩን ያውቀው ነበር።

በኤፕሪል 2019 የጸደቀው ሕግ ይህን ጥርጣሬ ለመመለስ የተሠራ ነው። ከ60ኛው ጎዳና በስተ ደቡብ የሚገባ መኪና እንዲከፍል፣ ከገቢውም ላይ በመበደር 15 ቢሊዮን ዶላር ለባቡር ዕድሳት እንዲገኝ አዘዘ። ገንዘቡም በልዩ ሣጥን ተቆልፎ 80 ከመቶው ለከተማው ባቡርና አውቶቡስ፣ 10 ከመቶው ለሎንግ አይላንድ ባቡር፣ 10 ከመቶው ለሜትሮ ኖርዝ ባቡር እንዲውል ወሰነ። ከዚህም ጋር ባለሥልጣኑ በገለልተኛ የሂሳብ መርማሪ እንዲመረመር፣ አሠራሩም እንደ ገና እንዲደራጅ፣ የክፍያውን ልክ የሚመክር ስድስት አባል ያለው ቦርድ እንዲቋቋም ታዘዘ።

ታሪኩን ለተከታተለ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሚስተር ሞዘስ ሕዝብን ከሣጥኑ ያገዱበት መሣሪያ የቦንዱ ውል ነበር፤ በ2019 ሣጥኑን ከፖለቲከኞች እጅ ለመጠበቅ የተመረጠውም ያው የቦንድ ዋስትና ነው። ቁልፍ በራሱ ደግ ወይም ክፉ አይደለም፤ ማንን በውጭ እንደሚያስቀር ነው የሚጠየቀው።

8. ከመቆም ወደ መጀመር

የፌዴራል መንግሥት ምርመራ እስከ ጁን 2023 ቆየ። ቦርዱ 15 ዶላር እንዲሆን መክሮ፣ ባለሥልጣኑ በማርች 27 ቀን 2024 አጸደቀው፤ ሥራው በጁን 30 ሊጀመር ካሜራዎቹ ተሰቅለው ነበር። ዳሩ ግን 25 ቀን ሲቀረው አገረ ገዥዋ ካቲ ሆኩል የኑሮ ውድነትን ምክንያት አድርገው ላልተወሰነ ጊዜ አቆሙት። ተቺዎቻቸው የኖቬምበሩን ምርጫ ፈርተው ነው አሉ። ባለሥልጣኑ በዚሁ ወር ወደ 16.5 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ሥራ ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ። ከምርጫው በኋላ በኖቬምበር 14 ቀን አገረ ገዥዋ ክፍያውን ወደ 9 ዶላር ዝቅ አድርገው መልሰው አስጀመሩት፤ በ2028 ወደ 12፣ በ2031 ወደ 15 ዶላር እንዲወጣም ተወሰነ።

በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ክፍያው ተጀመረ። በሌሊት የሚገባ መኪና 2.25 ዶላር ብቻ ይከፍላል፤ ገቢው አነስተኛ የሆነና የተመዘገበ ነጂ በወር ውስጥ ከአሥር ጉዞ በኋላ ግማሹን ይከፍላል። የመጀመሪያው ወር ገቢ 48.6 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ወጪው ተቀንሶ 37.5 ሚሊዮን ቀረ። ወደ ክልሉ የሚገባውም መኪና በዚያው ዓመት ወደ አንድ አሥረኛ ያህል መቀነሱን ባለሥልጣኑ አስታወቀ። በፌብሩዋሪ 19 ቀን የፌዴራሉ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሾን ደፊ ፈቃዱን እንሽራለን ሲሉ ባለሥልጣኑ በዚያው ቀን ከሰሰ፤ ዳኛው ሉዊስ ላይመን በሜይ 2025 መጨረሻ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ሚኒስቴሩ ክፍያውን እንዳያስቆም አገዱት።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን።

አንደኛ፣ ተቆልፎ የተቀመጠ ሣጥን የሚጠብቀው ወደ ውስጥ የገባውን ገንዘብ ብቻ ነው። በጁን 2024 እንደ ታየው፣ ገንዘቡ ሳይሰበሰብ አንድ ሹም ሊያስቆመው ችሏል። እንግዲህ ቁጥጥር ማለት ባለሥልጣኑን መቈጣጠር ብቻ ሳይሆን ባለሥልጣኑን የሚያዝዘውንም መቈጣጠር መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለባቡር መዋሉ በደንብ መዋሉን አያረጋግጥም። ሦስት ጣቢያ በ4.5 ቢሊዮን ዶላር የሚሠራ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ሳይሰርቅም ሊያባክነው ይችላል።

ሦስተኛ፣ በሕጉ ውስጥ የተሰወረ ቅራኔ አለ። ክፍያው መኪናን ይበልጥ በቀነሰ ቁጥር ገቢው ያንሳል፤ ዕዳው ግን አያንስም። ፕሮፌሰር ቪክሪ ዋጋውን የፈለጉት መንገዱ እንዲቃለል ሲሆን፣ ቦንድ ገዢው ግን መኪናው እንዲበዛ ይመኛል። ሚስተር ሞዘስም በመጨረሻ የዚሁ ምኞት እስረኛ ሆነው ነበር።

አንዳንድ የጥናት ጓደኞቻችን፣ ተቃዋሚዎች «አስቀድሞ ቁጥጥሩ ይስተካከል» የሚሉት ለምክንያት ያህል ነው ይላሉ። ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ በ1977 «ባቡሩ ይሻሻል» ተብሎ ክፍያው ሲቀር ባቡሩም ሳይሻሻል መቅረቱን አይተናል። ቁጥጥሩ እስኪፈጸም ድረስ ይቈይ ማለት ለዘላለም ይቈይ ማለት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የዚህ መልሱ ቁጥጥሩን መተው አይደለም፤ በ1981 እንደ ሆነው ሁለቱን በአንድ ሕግ ማምጣት ነው እንጂ።

በመጨረሻም ነገሩ የማንን ኑሮ እንደሚነካ መዘንጋት አይገባም። በዚያ ክልል ከሚሠሩት ሰዎች መካከል በግል መኪና የሚመጣው ከአሥሩ አንድ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው አብዛኛው በባቡርና በአውቶቡስ ይመጣል። ከኩዊንስ ዳር ተነሥታ ሆስፒታል ለማጽዳት በሌሊት የምትሳፈር ሴት በ1911 ድልድዩ ነጻ ሲሆን አልተጠቀመችም፤ በ1968 ሣጥኖቹ ሲቀላቀሉ ጥቂት አገኘች፤ በ1977 የተገባላት ቃል ቀረባት፤ በ2008 ማን እንደ ተቃወማት እንኳ በመዝገብ አልተጻፈላትም። ለእርስዋ ክርክሩ የሚያልቀው የመኪናው ዋጋ ሲቈረጥ ሳይሆን ባቡሩ በሰዓቱ ሲመጣ ነው። ያን ቀን ማን እንዳመጣውና ካልመጣም ማን እንደሚጠየቅ በግልጽ የሚታወቅበት ሥርዓት ነው ቁጥጥር የሚባለው። በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት ያላቸው መምህራንና ተማሪዎች ሐሳባቸውን በሚቀጥለው እትም ቢገልጡልን ደስታችን ነው።